ፀሐይ ላይ ያሰጣኋቸው የባትሪ ድንጋዮች

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ ንስሐ ገብቻለሁ፣ ትንንሹን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

ልጄ ሰላም ፎቶ አንሺ ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ሄሉ ሰፈር ካለችው ሱቄ አጠገብ ጉርድ ፎቶ ታነሳ ነበር። ለሠርግ ሥራ ብላ ዲጂታል ካሜራዋ አናት ላይ የሚሰካ ትልቅ ፍላሽ ኢትዮጵያ በኩል ካሉ ነጋዴ፣ ከጋሽ ኑሩ፣ ገዛች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የዚያን ፍላሽ ጠባይ ግን አውቀዋለሁ። ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ወደ ላይ ካበሩት የሰው ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ሰላም የፍላሹን አንገት ወደ ኋላ ታዞርና እኔ ወጥሬ በያዝኩት ነጭ ነጠላ ላይ ታበራዋለች፤ ብርሃኑ ለስልሶ ወደ ሙሽሮቹ ይመለሳል። ክንዴን ሰቅዬ ስቆም ሴቶቹ በልጄ ስም እየጠሩ «ማማ ሰላም፣ ልብስ ልታደርቂ ነው የመጣሽው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከዚያ የአንድ ባለ ሆቴል ልጅ ሠርግ መጣ። ናይሮቢ ፎቶ ቤት ያለው ሰው በእንግድነት ይገኛል ተባለ፤ ሥራዋን ከወደደው ሊወስዳት፣ ከከተማ ከተማ እያዞረ ሊያሠራት። ሰላም ከደስታ ብዛት እህል አልቀመሰችም። እኔም አልቀመስኩም። ወደ ናይሮቢ የሚወስደው አስፋልት ያኔ ገና እኛ ጋ አልደረሰም፤ በዚያው ሰሞን የጎረቤቴን ባል በዚያው ናይሮቢ በሚያደርሰው የማርሳቢት መንገድ ሽፍቶች ተኩሰው ክንዱን አቁስለውት ነበር። ደም የነካውን ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ብቻ ያለኝ ሴት ምን ላድርግ? አትሂጂ ብላት ትሰማኝ ነበር?

አደረግሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሬድዮ ላይ ያለቁ ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ይህን እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም፤ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ሬድዮውን ለአንድ ዜና ያህል ያናግረዋል። ሰላም ከቤት ስትወጣ ፍላሹን አንዴ አብርታ እንደምትሞክረው አውቃለሁ። ለአንዴ፣ ቢበዛ ለሁለቴ ይበቃሉ። ከሱቄ የወሰደቻቸውን አዲሶቹን አራት አውጥቼ ያለቁትን ከተትኩ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያሉትን አራት መለዋወጫዎችም ቀየርኩ። መልካቸው አንድ ነው፤ በምን ትለያቸው?

በር ላይ ሞከረችው፤ በራ።

«እማ፣ ዛሬን ብቻ በርቺልኝ፤ ክንድሽን እንዳታወርጂ» አለችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አንዴ በራ። ከዚያ ዝግጁ መሆኑን የምታሳየው ቀይ መብራት አልመለስ አለች። መለዋወጫዎቹን ከተተች፤ አሁንም አንዴ በራና ዝም። ድንጋዮቹ አዲስ ናቸው ብላ ስለምታምን «ፍላሹ ተበላሸ» አለች። ላቡ በአንገቷ ሲወርድ አያለሁ። እኔ ነጠላዬን እንደወጠርኩ ቆሜያለሁ። ክንዴን አላወረድኩም!

በመጨረሻ ካሜራው ራሱ ባለው ትንሽ ፍላሽ አነሳች። ፊት ያሉት እንደ ኖራ ነጡ፣ ከኋላ ያሉትን ጨለማ ዋጣቸው። የሙሽራዋ አክስት ካሜራው ላይ አይታ «አንቺ ልጅ፣ ፎቶ ነው ያነሳሽን ወይስ ዱቄት ነው የነፋሽብን?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። የናይሮቢው ሰው አልሳቀም። ስልኩን እየነካካ ወጣ።

በማግስቱ ኬላውን ተሻግረን ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድን። ልጄ በገበያተኛው ፊት «የተበላሸ ሸጡልኝ! አታለሉኝ!» ብላ ጮኸችባቸው። አልተቆጡም። አዲስ ድንጋዮች ከተቱና ፍላሹን ወደ እኔ አዙረው አበሩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ።

«ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው» አሉ። «ድንጋዩን ማን ነው የሚከትልሽ?»

«ራሴ ነኝ» አለች ሰላም፣ ድምፅዋ ወርዶ። «አሮጌውን ከአዲሱ ደባልቄ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሳቸው እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ኃጢአቴ እዚያ ጋ ነው። ልጄ ያላጠፋችውን አጠፋሁ ስትል አፌን ዘጋሁ። አንድ ቃል ከበደኝ? ከበደኝ።

አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በራሷ ናይሮቢ ሄደች፤ ዛሬ ሥራ አላት። ለበዓል ስትመጣ አያታለሁ፤ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት ፍላሹን ግድግዳ ላይ ሃያ ጊዜ ታበራዋለች፣ ከንፈሯ እየቆጠረ። ሰዎች «በጥንቃቄዋ በእናቷ ወጥታለች» ይሉኛል።

ጋሽ ኑሩ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰላም፣ ራስሽን እንድትከሺ ስለተውኩሽ ይቅር በይኝ። ስለ ድንጋዮቹ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ምናልባት በሰላም ትደርስ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ምናልባት። እኔ ልጄን በምናልባት አልሸኝም። ያ ሰሞን ቢመለስ፣ ያ ሸሚዝ እጄ ላይ ቢወድቅ፣ ደግሜ አሰጣቸዋለሁ።

ስምንቱንም አልጣልኳቸውም፤ ሱቄ ውስጥ በስኳር ጣሳ አሉ። ሰላም ይህን ስታነብ መጥታ ትጠይቀኝ፤ ፊቷ እደረድርላታለሁ። ያን ጊዜ መሬት አላይም።