የጀልባዋ ቧንቧ

ጋሽ ታደሰ የሰመር ሽርሽራቸውን ጨርሰው ጀልባዋን ለብርዱ ወራት ሊያስቀምጡ ሲሉ ጠሩኝ። «ጀልባዬ» ይሏታል። ገና የጀልባዋን በር ሲከፍቱ የናፍጣና የእርጥብ ገመድ ሽታ ተቀበለኝ፤ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ጀልባዋ የእሱ ነበረች። ሰመሩን ሙሉ በለንደን ካናሎች፣ በውሃ ቦዮቹ ላይ፣ ስንዞር ከርመን ስንመለስ፣ እጄን ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ አስይዞ፣ «አንዲት ጠብታ እንዳትቀር አፍስሺው፤ የቀረ ውሃ በውርጭ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል» ይለኝ ነበር።

አባቴ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ጓደኛው ጋሽ ታደሰ ጀልባዋን በስማቸው አዞሩ። ቀብሩ ላይ ከሁላችን በላይ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ።

«እስቲ ቧንቧውን ቼክ አድርጊልኝ» አሉኝ አሁን፣ «ያባትሽን ሙያ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ቧንቧውን ከፈት ሳደርገው ውሃው ፏ አለ። መልሼ አጥብቄ ዘጋሁት።

«ምንም የቀረ የለም ጋሼ፣ ይቆልፏት።»