የዲምቱ ጎደሬና የመንደሩ ትንፋሽ

ሶዶ ላይ የሰብል ምርምር ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶክተር መስፍን አንድ የቦሎቄ ቅጠል እጄ ላይ አስቀመጡና፣ "ይሄ ቅጠል ይሳሳታል፤ ስህተቱን መለካት ያንቺ ሥራ ነው" አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ተምሬ ተምሬ የቅጠል ስህተት ልለካ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ስኳር የሚሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየያዘ ነው። ያዡ ኢንዛይም ግን አንዳንዴ ተሳስቶ ኦክስጅን ይይዛል። በቀትር ሙቀት ቅጠሉ ውሃ እንዳያልቅበት ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፤ ስህተቱም ይበዛል። ከስህተቱ የሚወጣውን ጎጂ ነገር ለማስወገድ ተክሉ ጉልበት ያወጣል፣ ከያዘው ካርቦንም የተወሰነውን መልሶ ይተፋል። ፎቶሬስፒሬሽን የምንለው ይህንን ነው። በቆሎ ለዚህ መላ አለው፤ ቦሎቄና ጎደሬ የላቸውም።

የመለኪያ ማሽኑን፣ ቅጠል የሚይዘውን መቆንጠጫና አየር የሚስበውን ቱቦ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይሄን ስል አላፍርም።

አንድ በጋ ከዶክተር ጋር ዲምቱ ወደሚባል መንደር ወረድን። እትዬ አማረች ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ጎደሬያቸው የበቀለው ከዋንዛ ዛፎች ሥር ነው፤ በችግር ወራት ልጆቻቸውን የሚያበሉት እሱን ነው። የባላቸው ወንድም አቶ ጮራሞ ግን "ጥላው ጎደሬውን ገደለው፤ ዛፎቹ ይቆረጡ" ብለው ምሳር ይዘው መጡ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ባለሙያዎቹ ይፍረዱ" አለ።

ቀትር ላይ፣ መጀመሪያ ፀሐይ የሚመታውን ጎደሬ ለካሁ። መንደሩ በሙሉ ስክሪኑን ለማየት ላዬ ላይ ተደፋ። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ቅጠሉ ብዙ ካርቦን እየያዘ ነው ማለት ነው! ሰዉ እዚያው ክርክር ጀመረ፤ እኔ ብቻዬን ጥላው ሥር ገብቼ ለካሁ። አነሰ።

"አየሽ አማረች!" አሉ አቶ ጮራሞ። እትዬ አማረች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

"ዶክተር፣ በዚህ ሙቀት ከፀሐዩ ቅጠል እንዲህ ከፍ ያለ ቁጥር አይመጣም" አልኩ።

"ቱቦው የት ነበር?"

ተያየን። ቱቦው መሬት ላይ፣ በሰዉ መሀል ነበር። የሰው ትንፋሽ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ነው። መንደሩ ሳያውቀው ቅጠሉን ሲያጎርሰው ነበር!

ረጅም ቀርከሃ አስመጣሁ፤ ቱቦውን ጫፉ ላይ አስሬ ከሰው ራስ በላይ ሰቀልኩት። "እባካችሁ ሁላችሁም ወዲያ!"

አቶ ጮራሞ ቅር አላቸው። "ደግሞ ትንፋሻችንን ተጠየፋችሁ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ቅጠሉ ወደደውና ነው የተቸገርነው!"

የፀሐዩ ቅጠል ቁጥር ወረደ። ደጋግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። የጥላው በለጠ። ዶክተር ወደ ሰዉ ዞረው፣ "እዚህ ማሳ ላይ ጥላው ጎደሬውን እየጠበቀው ነው፤ ዛፎቹ አይነኩ" አሉ። አንድ ሽማግሌ በወላይትኛ ደገሙት።

"ታዲያ ምሳሩን በከንቱ አሳልኩት?" አሉ አቶ ጮራሞ። ሰዉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ምሳሩን አስቀመጡት።

እትዬ አማረች እጄን ይዘው፣ "ተባረኪ ልጄ፤ የልጆቼን ጉሮሮ ነው ያዳንሽው" አሉኝ። ኮራሁ። አሁንም እኮራለሁ።

በዚህ ሥራ ከእኔ በኋላ ለሚመጡ የምለው ይህን ነው፦ ቀትር ላይ ለኩ፤ ቱቦውን ከሰው ራስ በላይ ስቀሉ። ሰው ሲያጎርሰው በተለካ ቅጠል ዛፍ አይቆረጥም።