እትዬ ይመኙሻልና የቡሬው ብርዝ

ፍኖተ ሰላም፣ ማለዳ

የመጨረሻዋ ቀጠሮ ደረሰች! የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ይመኙሻል የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ሊጨርሱ ወደ ባሕር ዳር የምንሄድበት ቀን ነው። ሐኪሙ «ይቺን ኬሞ ከወሰዱ ከዚያ በኋላ ለክትትል ብቻ ነው የሚመጡት» ብሎናል። ከገጠር አምጥቼ እኔ ቤት ነው ያሳደርኳቸው፤ እኔ ግን በደስታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አንድ ስጋት ነበረኝ። እትዬ የቆየ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ስኳሩ ከፍ ካለ ደግሞ መድኃኒቱ አይሰጣቸውም። ባለፈው የሆነው ይኸው ነው። በእኛ አገር ሕመምተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ጎረቤታቸው ስንዱ የቀፎዋን ማር በጥብጣ «ጉልበት ይሆንዎታል» ብላ ብርዝ በዋንጫ አመጣችላቸው። እትዬም የሰው እጅ አይመልሱ፣ ግጥም አድርገው ጠጡት። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳሩ ጣራ ነክቷል! ቀጠሮው ተራዘመና ተመለስን። ስንዱ ይህን ከሰማች ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም።

«ዛሬ ዘበኛዎ እኔ ነኝ» አልኳቸው ሚኒባስ ውስጥ ገና ሳንደላደል። «ከእኔ እጅ በቀር ምንም አይቀምሱም።»

«አይ አንች! እንደ ጥጃ አፌን ልታስሪኝ ነው?»

ቡሬ

ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንገባ መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ቁመቱ ሰው ይውጣል። እሸት ሻጮቹ መስኮቱን ከበውት ሳለ እዚያው ቡሬ የምትኖረው የእትዬ የክርስትና ልጅ ማለፋችንን ሰምታ ኖሮ ከመሀል ብቅ አለች። ልቤ ድንግጥ አለ። ጆግ ሙሉ ብርዝ ይዛለች!

«ለእርስዎ ብዬ ነው የበጠበጥኩት፣ አንድ ፉት ይበሉልኝ» አለች፣ ብርጭቆውን በመስኮት እያቀበለች።

«አይሆንም!» ብዬ ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣራው ጋር ተላተመ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እትዬ ግን ብርጭቆውን ተቀበሉ። ወይ ጉዴ፣ አለቀልን!

ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። «እጅሽ ይባረክ፣ ቀፎሽ ይሙላ፣ ወልደሽ ሳሚ» ሲሉ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው «አሜን» ይላል። ከዚያ ዞር ብለው ከኋላ ለተቀመጠው ነጋዴ ሰጡት። «እኔ መርቄዋለሁ፤ እናንተ ጠጡልኝ።» ጆጉ ከወንበር ወንበር ዞረ፤ ሾፌሩም ደረሰው። የክርስትና ልጃቸው ፊቷ በርቶ ገባችና ጉልበታቸውን ስማ ወረደች።

እኔ ጭንቅላቴን እያሻሸሁ እንደ ቆምኩ ነኝ። «ዘበኛዋ፣ ተቀመጭ እንጅ» አሉኝ።

ባሕር ዳር

ነርሷ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ መሣሪያውን ስታይ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

«ጥሩ ነው እማማ፣ ዛሬ ይወስዳሉ።»

እልልታዬን አቀለጥኩት! ነርሷ «ኧረ ሕመምተኛ አለ!» ብላ ተቆጣችኝ፤ እሷም ግን ሳቋ አምልጧት ነበር። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀጥኗል፣ ይቀዘቅዛል። ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝና እንባዬ ወረደ።

«አሁን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ጨረስን እኮ!»

ወደ ቤት

ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ተመለስን። ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ መንደራቸው ስንደርስ ጎረቤቱ ደጃቸው ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ስንዱ ብቻ የለችም። እትዬ አንድ በአንድ ሳሟቸውና ቤታቸው ሳይገቡ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ስንዱ ደጅ አቀኑ። እኔ ለካ ስኳራቸውን ብቻ ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ሰው እንዳይከፋውም ይጠብቁ ነበር፤ ይህን የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ስንዱ ወጣች፤ ቀና ብላ ማየት አቃታት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ለጉልበት ብዬ...»

«መንገደኛ ደጅ ይቆማል? ውኃ ጠምቶኛል» አሏት።

ብርጭቆ ልታመጣ ስትሮጥ «በዚያችው ዋንጫ!» ብለው ጮኹባት።

ስንዱ ዋንጫውን አለቅልቃ ውኃ ሞልታ፣ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። እትዬ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ጉልበት ሆነኝ» አሏት።