እትዬ አፍሉት

ስሟ ፋንቱ ነው፤ በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ክሊቭላንድ አቬኑ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሐበሻ ግን ከኋላዋ «እትዬ አፍሉት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። ልጁን ሆዱን ያመመበት ሰው ቢደውልላት፣ ከአገር ቤት ትናንት የገባ እንግዳ ቧንቧው እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቃት፣ መልሷ አንድ ነው፤ «አፍሉት። ሃያ ደቂቃ፣ ሰዓት ይዛችሁ።» የአሜሪካ ውሃ እኮ ንጹሕ ነው የሚላትን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። አስተያየቷ ከስድብ ይብሳል።

ነገሩን ከሜዳ አላነሣችውም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሱዳን ጠረፍ ካለ የስደተኞች ካምፕ ስትገባ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ያዘለቻት ልጅ ደግሞ ስምንት ወሯ ነበር። የካምፑ ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ከበርሜል ይቀዳል፣ አፍልታችሁ ጠጡ ይባላል። አንድ ቀን ማገዶ አለቀባት። እንጨት ለቀማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ፋንቱ ደክሟታል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሳታፈላው እንዲሁ አጠጣቻት። በአራተኛው ቀን ቀበሯት። ብዙም ሳይቆይ የካምፑ ጤና ጣቢያ ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ ስለ ውሃ የሚያስተምሩ ሴቶች ሲፈልግ፣ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ስድስት ዓመት ዞረች። ስለ ልጅቷ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ አሜሪካ ከገባች በኋላ ለወለደቻት ልጇ ለማራናታ እንኳ።

ኮሎምበስ ከገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የሆቴል አልጋ አንጥፋለች፣ ካናል ዊንቸስተር መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለች፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ደግሞ ቤቷ ሆና የሰው ልጅ መጠበቅ ያዘች። ዘንድሮ የምትጠብቀው የሄራንን ልጅ ነው። ሄራን በዲቪ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባሏ በጭነት መኪና ከስቴት ስቴት ስለሚዞር፣ መጋዘን የምትገባው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷን ፋንቱ እጅ ጥላ ነው። ልጅቷ የአብሥራ ትባላለች። አራት ወሯ ነው፤ የእናቷ ጡት ስለደረቀ የዱቄት ወተት ትጠጣለች፤ ጡጦዋንም ከፋንቱ እጅ ካልሆነ በቀላሉ አትቀበልም። ፋንቱ ይኼን ለሰው ስታወራ ደስታዋን አትደብቅም።

ያለፈው በጋ ዝናብ የሚባል ጠፍቶ የጓሮው ሣር ነዶ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጣው ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። ወቅቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ የሁሉንም ወር ይዞ ይመጣል። ከከተማው ውጭ ያሉ ገበሬዎች ለበቆሎው ማዳበሪያ የበተኑት ገና በቅርቡ ስለነበር፣ ጎርፉ ማዳበሪያውን ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ወንዙ ደግሞ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው።

ረቡዕ ማታ የፋንቱ ስልክ ላይ ከከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት ገባ። ፋንቱ እንግሊዝኛ ስታነብ የምታውቃቸውን ቃላት እየለቀመች ነው። «ዋተር» አለ። «ኢንፋንት» አለ፤ ሕፃን ማለት ነው። ዝቅ ብሎ በትልልቅ ፊደል «ቦይል» አለ። ቦይልን አሳምራ ታውቃለች፤ ከካምፑ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተማረችው የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃሏ ነው። ከዚህ በላይ ማንበብ አላስፈለጋትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስም አላት። ስንት ዓመት ሲስቁባት ኖረው፣ ይኸው መንግሥት ራሱ አፍሉ አለ። ወዲያው መቶ አርባ ሰው ላለበት የማኅበሯ የስልክ ቡድን በድምፅ ላከች፤ «ውሃው ችግር አለበት ተብሏል። አፍሉት። ለሕፃናት በተለይ። ሃያ ደቂቃ።» ላይኛው ፎቅ ድረስ ወጥታም የሰባት ወር እርጉዝ ለሆነችው ጎረቤቷ ለፍርዶስ ነገረቻት። ሐሙስና ዓርብ የየአብሥራን ውሃ ሃያ ደቂቃ ሳይሆን ሠላሳ ደቂቃ አፈላችው። ማንቆርቆሪያው ግማሽ ድረስ ጎደለ።

ቅዳሜ ጠዋት ማራናታ መጣች። ሄራን ኦቨርታይም ገብታ ስለነበር ልጅቷ እዚያው ነበረች፤ የጠዋት ጡጦዋን ጨርሳ ምንጣፍ ላይ እግሯን ታወራጫለች። ማራናታ የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ አየችና ቆመች።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዛት?»

«የልጅቷ ውሃ ነዋ። መልእክቱ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል።» ማራናታ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን እናቷ ፊት ያዘችው። «ማሚ፣ ዱ ኖት ቦይል ነው የሚለው። ኖት። አታፍሉ።»

ፋንቱ ቃሉን አየችው። ከቦይል ፊት ተለጥፎ ቁጭ ብሏል፤ ሦስት ፊደል። ማራናታ ቀሪውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለች አስረዳቻት። ውሃው ውስጥ የገባው ጀርም አይደለም፣ ናይትሬት የሚባል የማዳበሪያ ጨው ነው። እሳት አይገድለውም። ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ እዚያው ይቀራል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን መስጠት ክልክል ነው፤ ደሙ አየር መሸከም ያቅተውና ልጁ ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። እርጉዝ ሴትም እንዳትጠጣ ይላል።

ለፋንቱ የጨዉ ነገር ማስረጃ አላስፈለገውም። ወጥ ሲንተከተክ ውሎ መረቁ ሲያንስ ጨው እንደሚበረታ አርባ ዓመት ወጥ የሠራች ሴት ታውቃለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስታበረታው ነበር። ልጅቷን አንሥታ መስኮት አጠገብ ወሰደቻት። የጠይም ልጅ ከንፈር ከውጭ አይታይም፤ ገልበጥ አድርጋ ውስጡን አየች፣ ጥፍሮቿን አየች። ቀይ መሰላት። ቆይታ ደግሞ ቀይ አልመሰላትም። ደግማ ከንፈሯን ስትገለብጠው ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

«ሺ ሉክስ ፋይን፣ ማሚ፣ ምንም አልሆነችም» አለች ማራናታ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ከእንግዲህ የታሸገ ውሃ ገዝቶ፣ ማንቆርቆሪያውን አጥቦ አስቀምጦ፣ ለሄራን ምንም አለመንገር። ሐሳቡ ለፋንቱ አልመጣም ማለት ውሸት ነው። መጥቶላታል፤ ማንቆርቆሪያውን ማጠቢያው ላይ እስክትደፋ ድረስ አብሯት ቆይቷል። ከዚያ ስልኳን አነሣች። ሄራን ስልኳን ሥራ ቦታዋ ባለው ሎከር ቆልፋ ስለምታስቀምጥ አላነሣችም። ፋንቱ በማራናታ በኩል ወደ መጋዘኑ ቢሮ አስደወለችና ሄራን መስመሩ ላይ ስትመጣ ሳታለሳልስ ተናገረች።

«የአብሥራን የማይሆን ውሃ አጠጣኋት። ሦስት ቀን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደ ክሊኒክ ልንወስዳት ነው፣ ነይ።»

ክሊኒኩ ውስጥ የልጅቷ እግር ጣት ላይ መብራት ያለው መቆንጠጫ አሰሩ፣ ደምም ወሰዱ። ሄራን የመጋዘን ሰደርያዋን ሳታወልቅ ደረሰች፤ ልጅቷን ተቀብላ ጀርባዋን ለፋንቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነርሷ መጥታ ደሟ ደህና ነው፣ በጊዜ ደርሳችኋል አለች። ሁለት ቀን ከንፈሯን እያያችሁ ቆዩ፣ ውሃው ደህና ነው እስክትባሉ የቧንቧውን አትስጧት ብላም አስጠነቀቀቻቸው።

ፓርኪንጉ ጋ ሄራን የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያመንኩት እርስዎን ነው። መልእክቱ ለእኔም መጥቶ ነበር። እትዬ ፋንቱ ያውቃሉ ብዬ አላነበብኩትም።»

ለፋንቱ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ቀጥታ ወደ ላይ ወጣች። ፍርዶስ በሯን ከፍታ ሰማቻትና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እኔ እንኳ ልምዱም የለኝ፣ እትዬ። የላስቲኩን ውሃ ነው የምጠጣው። አላፈላሁም፣ እንዳይከፉብኝ ነው ዝም ያልኩት» አለች። በሕይወቷ ፋንቱ አንድ ሰው አልሰማኝም ብላ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የማኅበሩን ቡድን ከፈተችና ድምፅ ቀረጸች። ሁለት ጊዜ አጠፋችው። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «አፍሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አታፍሉ የምላችሁም እኔው ነኝ። ተሳስቻለሁ። ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ያፈላችሁትን ድፉት።» ጨቅላ እንዳላቸው ለምታውቃቸው ሦስት ቤቶች ደግሞ አንድ በአንድ ደወለች። አንዷ እናት አመሰገነቻት፤ አንዷ ስልኩን ዘጋችባት።

ሰኞ ሄራን አልመጣችም። ፋንቱ የልጅቷን አልጋ አንጥፋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነጋላት። ማራናታ ሌላ ልጅ ያዢ ብትላትም አልጋውን አላነሣችውም።

ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ሄራን በአንድ እጇ ልጅቷን ከነመኪና መቀመጫዋ፣ በሌላው የታሸገ ውሃ ጋሎን ይዛ ቆማለች። ትናንት ሥራ ቀርታ ነበር፤ ልጅቷ ግን ከእጇ ጡጦ አልቀበል ብላ ሙሉ ቀን ስታለቅስ ነው የዋለችው። አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠየቀች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እትዬ። ሰው ሁሉ የሚያፈላው አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው። እርስዎ ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ለምንድን ነው?»

ፋንቱ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ከማራናታ በፊት ልጅ ነበረችኝ» አለች። «ካምፕ ውስጥ። እሷን ሳላፈላ አጠጣኋትና ሞተችብኝ። ያንቺን ደግሞ አፍልቼ ልገድልብሽ ነበር።»

ሄራን ገባችና መቀመጫውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ቀበቶውን ፈታችና ልጅቷን ፋንቱ ክንድ ላይ አኖረቻት። ጋሎኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልጅቷን ራባት፣ ማጉረምረም ጀመረች። ፋንቱ ጋሎኑን ወደ ብርሃኑ አዞረችና መነጽሯን አደረገች። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ኖት የምትለዋን ቃል ፈለገች።