ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው

ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። የፊዚክስ መምህርት ናት። ባሏን ደግሞ «ቱንቢ» ይሉታል፤ ግንበኛ ነው። ቱንቢ የሚሏት ያቺ በገመድ ጫፍ የምትንጠለጠል ብረት ቀጥ ብላ ወደ መሬት እስክታመለክትለት ድረስ የራሱን ግድግዳ እንኳ አያምንም። «አንቺ ስበት እያልሽ ዓመት ሙሉ የምትለፈልፊውን እኔ በኪሴ ይዤው እዞራለሁ» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም ትስቃለች፤ እውነቱን ነዋ።

ይህ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወደቀ። የቆመበት ጣውላ ከዳው። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ተጎዳ። የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅሳል፣ ሲነኩትም ይሰማዋል፤ ቁም ሲሉት ግን እግሩ አይታዘዝለትም።

ቲቸር ስለሚወድቁ ነገሮች ስታስተምር፣ በፊት በፊት ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጠመኔና ድንጋይ እኩል ትለቅ ነበር። እኩል መሬት ሲደርሱ ተማሪው ይንጫጫል። ያን ዓመት ጠረጴዛው ላይ አልወጣችም። ፊቷን ከሰሌዳው ሳትመልስ፣ «የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ ይጨምራል» ብላ ጻፈች።

«ቲቸር፣ ከሦስተኛ ፎቅ ቢሆንስ ስንት ይደርሳል?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። ክፋት የለባትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልመጃው ላይም አለ።

ቲቸር መልሱን ታውቀዋለች። ባሏ ሆስፒታል የተኛ ሰሞን፣ አልጋው ጎን ተቀምጣ፣ ሳትፈልግ በልቧ አስልታዋለች። በከተማ መንገድ የሚበር መኪና ያህል ነው። «ቤታችሁ ሥሩት» አለችና ጠመኔውን አስቀምጣ ወጣች።

ወራት አለፉ። ሐኪሙ ቱንቢን ወደ ገንዳ ሕክምና ላከው። ገንዳው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ክሎሪን የሚሸት ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ነው፤ በአንድ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውኃው የሚወርድ ተዳፋት አለው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቱንቢን በብብቱ ይዞ ውኃው ደረቱ እስኪደርስ አስገባውና «በል አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ቁም» አለው።

ቆመ።

«ቲቸር! ኧረ እዪኝ! ቆምኩ እኮ!»

አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሌላም ደገመ። እያለቀሰ ይሁን ውኃ ረጭቶበት አይለይም። ቲቸር ዳር ላይ ሆና ፎጣውን በብብቷ ሸጉጣ አጨበጨበች፤ ዓይኗ ግን ውኃው ከደረሰበት ከደረቱ ላይ አልተነሣም። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ ላይ የሚያርፍበት የክብደቱ ሲሶ ቢሆን ነው።

ባለሙያውን ወደ ጥግ ወስዳ ጠየቀችው። «ውኃው ነው አይደል ያቆመው?»

«አብዛኛውን አዎ። ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ይጠቅመዋል። ከዚህ በላይ ቃል ብገባልሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው።»

«ለእሱስ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ግን ሰው ደስ ሲለው መቼ ይሰማል?»

ቤት ሲደርሱ እናቱ እልል አሉ። «ልጄ ቆመ!» እያሉ ለዘመድ ሁሉ ስልክ ደወሉ።

«እማዬ፣ ውኃ ውስጥ እኮ ነው የቆመው…» አለች ቲቸር።

«ቢሆንስ! ዛሬ ውኃ ውስጥ፣ ነገ መሬት ላይ። ምነው አንቺ ልጅ፣ ደስታ ያምሻል እንዴ?»

ለራሱ ለቱንቢ ልትነግረውም ሞክራ ነበር። «ስማኝማ፣ ውኃ ማለት…» ስትል፣ «ኧረ ቲቸር፣ እዚህ ክፍል አይደለም፤ ፈተና እንዳታወጪብኝ» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነው! በምን አንጀቷ ታቋርጠው?

እሑድ ዕለት፣ ምሳ እንደተነሣ፣ ቱንቢ ተሽከርካሪ ወንበሩን ጠረጴዛው ድረስ አስጠጋ። በሁለት እጁ ጠርዙን ጨበጠ። «ማንም እንዳይነካኝ» አለ። እናቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቲቸር «ተው!» ልትል ስትል ተነሥቶ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ ጉልበቱ እጥፍ አለና ከነጠረጴዛ ልብሱ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ሁለቱ ሴቶች ሊያነሡት ታገሉ። አንዷ በብብቱ፣ አንዷ በወገቡ ይዘው ሳቡ፤ ንቅንቅ አላለም። እናቱ ጎረቤት ሊጠሩ እያለቀሱ ወጡ። ቲቸር ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ያኔ ልትነግሪኝ የነበረው ምንድን ነው? ዛሬ እሰማሻለሁ፤ የት እሄዳለሁ?»

እሷም ነገረችው። «ከበርሜል በባልዲ ውኃ ስትቀዳ አስበው። ባልዲው ውኃው ውስጥ እያለ በአንድ ጣት ይሳባል። ከውኃው ብቅ ሲል ግን ክንድህን ይገነጥለዋል። ባልዲው ያው ባልዲ ነው፤ ስበቱም ያው ነው። ውኃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፤ ስለዚህ ከላይ ከሚጫንህ ይልቅ ከታች የሚገፋህ ይበልጣል። ያ ትርፉ ነው የሚያነሣህ።»

«ባልዲው እኔ ነኛ» አለ ቱንቢ ጣሪያውን እያየ።

በዕድሜዋ እንደዚያ ጥርት አድርጋ አስተምራ አታውቅም። ምን ዋጋ አለው፤ የተማረው ሰው ጎረቤት መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ ወለሉ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላም ወደ ገንዳው መሄዱን አልተወም። አሁን ግን አይጮኽም። ውኃው ትከሻው እስኪደርስ ይገባና ወዲያ ወዲህ ይራመዳል። አንድ ቀን ባለሙያው ቲቸርን ጠርቶ፣ ለውጡ እንደቆመ፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛም እንደበዛ፣ ስለዚህ የቱንቢ የገንዳ ሕክምና ሊያበቃ መሆኑን ነገራት። «ትንሽ ጨምርለት» አለችው። «በእጄ ቢሆን…» አለ።

በመጨረሻው ቀን ቲቸር ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ ገባች። ቱንቢ በጀርባው ተንጋለለ። መዳፏን ከጀርባው ሥር አደረገች፤ እንደ ሕፃን ቀለላት።

«ከበድኩሽ?»

«ምንም አትከብድ።»

ዓይኑን ጨፈነ። እዚያው ብታቆየው በወደደች። በሩ ላይ ግን አንዲት እናት ልጇን በወንበር ይዛ ቆማ ነበር፤ ባለሙያውም «በሉ እንግዲህ» አለ። ወደ ተዳፋቱ አመሩ። ውኃው ከደረቱ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ፣ ቱንቢ ትከሻዋ ላይ እየከበደ፣ እየከበደ መጣ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተደገፈባት። ባለሙያው ወንበሩን እየገፋ ባይደርስ አብረው ይወድቁ ነበር።

የታክሲው ሾፌር «ወንበሬን አራሳችሁት እኮ!» ብሎ ተቆጣ። «ይደርቃል ወንድሜ፣ ውኃ ነው» አለው ቱንቢ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። ቤት ሲደርሱ ሳይጠይቁት ወረደ። ቱንቢን እሱ በአንድ ጎን፣ እሷ በአንድ ጎን ያዙት፤ ወደ ቤቱ የሚያወጣው ደረጃ ሥር ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ማንሣት ጀመሩ።