ቅቤ የነካው አፈሙዝ

ባለፈው ሳምንት የግቢ በር ላሠራ መሐል ሜዳ ከተማ ካለ አንድ ብረት ቤት ጎራ ብዬ፣ ሠራተኛው ዝናብ ያገኘውን ላሜራ በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ የእርጥብ ዝገት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ሰው ፊት ቆሜ፣ በይታይሽ ቀናሁ።

ይታይሽ የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አባቴ ከዘመሮ አምጥቶ ሞላሌ እኛ ቤት አስቀመጣት፤ እኩያዬ የሆነች፣ ዝምተኛ፣ ለሐዘን ጸጉሯን የተላጨች ልጅ ነበረች። አሳዝናኝ ልብሴን አካፍያታለሁ። አባቴን ማካፈል ግን በሐሳቤም አልነበረም።

አባቴ ገበሬ ቢሆንም ስሙ የሚነሳው ያረጀ ጠመንጃ በማጥቆር ነው። ቀለም አይቀባም፤ ብረቱን አዝጎ ነው የሚያጠቁረው። አፈሙዙን ከእንጨቱ ፈትቶ በአመድ ውሃ ያጥበዋል፣ ጨው ያለበትን ውሃ በታጠበ የበግ ጸጉር ስስ አድርጎ ያስነካዋል፣ ከዚያ እርጥበት ባለው ጓዳ ሰቅሎ ቀይ ዝገት እስኪያለብሰው ይጠብቃል። ያንን ዝገት ከጣራ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሲቀቅለው ይጠቁራል፤ የላላውን በብሩሽ ጠርጎ እንደገና ያዝገዋል። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲመላለስ ከርሞ ብረቱ የቁራ ላባ ይመስላል።

ሥራው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅባት። ቅባት የነካው ቦታ አይዝግም፣ ያልዛገም አይጠቁርም። ስለዚህ አባቴ ረዳት ሲፈልግ የጠራው ይታይሽን ነበር። «የሷ እጅ ደረቅ ነው፤ ያንቺ ቅቤ አያጣውም» አለኝ። ወተት የምንጠው እኔ ስለነበርኩ እውነቱን ነው። እኔ የሰማሁት ግን «አንቺ አትረቢም» ሲለኝ ነው። ሁለቱ አፈሙዝ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሳሳቁ በጓዳው በር ቀዳዳ እያየሁ፣ ከእኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ስቆ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ማን ያስታውሰዋል!

ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ልጃቸውን ሊድሩ ሳምንት ሲቀራቸው ምንሽር ጠመንጃቸውን ሊያስጠቁሩ አመጡ። ለዚያው ሰርግ እናቴ ጸጉሬን ቅቤ ቀብታኝ፣ ቀልጦ በጆሮ ግንዴ ይወርድ ነበር። ይታይሽ ሐዘንተኛ ናትና አልተቀባችም። አባቴ አፈሙዙን አጥቦ ከሰቀለው በኋላ ሁለቱ እንጨት ሊያመጡ ሲወጡ ጓዳ ገባሁ፤ አውራ ጣቴን አናቴ ላይ ጠቀስ አድርጌ ብረቱ ላይ አሳረፍኩት። ይታይሽን ተቆጥቶ እንዲያባርራት ነበር የፈለግሁት።

ሲቀቀል መሐሉ ላይ ነጣ ያለ የጣት ምልክት ቀረ። አባቴ የይታይሽን ራስ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የእኔን አየ። አፈሙዙን ይዞ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄደ፤ እንደገና ለመጀመር ቀን አልቀረም ነበር።

«በዚህ ምልክት ሰርግ ልውጣ?» ብለው ሲጮሁ እኛ ግቢ ድረስ ተሰማ።

«የኔ እጅ ነው ያበላሸው፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ የሚያመጣለት አልነበረም። ብሩሹን ቆጥ ላይ አስቀመጠው፣ ይታይሽም እንደ እኔ ወተት መናጥ ጀመረች። ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አባቴ ካረፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ያስታመመችው ይታይሽ ናት፤ እኔ ደብረ ብርሃን በሥራ ተይዤ በበዓል በበዓል ነበር የምመጣው። በሙት ዓመቱ ማግስት ዕቃ ስናጥብ፣ «ጋሼ እኮ ጣቱ ያንቺ እንደሆነ ያውቁ ነበር» አለችኝ። «‹ራሷ እስክትነግረኝ ነው የምጠብቃት፤ ብትነግረኝ ሥራውን አስተምራት ነበር› ይሉኝ ነበር።»

ሳህኑን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ይታይሽ የጸጸት መስሏት አቀፈችኝ። ጸጸቱስ ነበረበት። ግን እንዲህ ሲጠብቀኝ ኖሮ፣ መጠበቁን እንኳ የነገረው ለእሷ ነው።