በቤት ሹኔ፣ በትምህርት ቤት ሜሮን

በእኛ ልጅነት ቦንጋ ላይ የአንድ ልጅ ስም ከተጠራ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አባቱ ምን እንደሚሠራ፣ እናቱ እሑድ ጠዋት ወዴት እንደምትሄድ፣ ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ ስሙ ብቻውን ይናገር ነበር። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖሩት የጴንጤዎቹ ልጆች በረከት፣ ጸጋና ኢዮስያስ ነበሩ። ከታች ባለው ሱቅ የእትዬ ዘምዘም ልጆች ሀያት፣ ነጃትና ከድር። ከማዶ ዲያቆኑ ቤት ማህሌትና ፍሬሰንበት። ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡት የመምሪያ ሠራተኞች ደግሞ ልጆቻቸውን ሄለን፣ ሳሮን፣ ሮቤል ይሏቸው ነበር፤ እነዚያ ስሞች ሲጠሩ አዲስ የተተኮሰ ልብስ የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር። ከገጠር የመጣነው የካፋ ልጆች ግን ስማችን በካፊኖኖ ነው፤ የወንዱ በ«ኦ»፣ የሴቷ በ«ኤ» ያልቃል። ቄስ ያወጣልን የክርስትና ስምም ነበረን፤ እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብዙም አይወጣም።

የእኔ ስም ሹኔ ነው። ያወጡልኝ ማንኪራ የሚኖሩት የአባቴ አባት ናቸው። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ አባቴ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ አገኘና ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ገባን። እዚያ ነው ስሜ ለሰው ጆሮ እንግዳ መሆኑን ያወቅሁት። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር የረገጥኩ እንደሆነ ልጆቹ «ሹኔ ሹሮ፣ ድስቱ ተሰብሮ!» እያሉ ይዘፍኑብኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። የልብ ጓደኛዬ ሀያት እንኳ አብራ ትዘፍን ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ከሱቃቸው ያመጣችውን ከረሜላ በጥርሷ ለሁለት ሰብራ ታካፍለኛለች። እኔ ግን ከረሜላውን እየመጠጥኩ ይከፋኝ ነበር።

በሰፈራችን ሜሮን የምትባል የአንድ ኃላፊ ልጅ ነበረች። ነጭ ካልሲ ታደርጋለች፣ ፊቷ ሁልጊዜ በቫዝሊን ያብረቀርቃል። ማታ ማታ እናቷ በረንዳ ላይ ቆመው «ሜሮንዬ!» ብለው ሲጠሯት ከእንሰታችን ሥር ተደብቄ እሰማ ነበር። ከዚያ ማንም አለመኖሩን አይቼ ስሙን ለራሴ እለዋለሁ፤ በአፌ ውስጥ ይለሰልስልኛል። አንድ ክረምት አባቷ ተዛወሩና ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ ቤቱ ባዶውን እንደቀረ ሁሉ ስሙም ባለቤት አጥቶ የቀረ መሰለኝ።

መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል የምንመዘገብበት ቀን ደረሰ። አባቴ ግምገማ ላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግምገማ ከተጀመረ ማብቂያው አይታወቅም። እናቴ ወንድሜን ወልዳ ገና አልተነሣችም። ስለዚህ እትዬ ዘምዘም እኔንና ሀያትን በአንድ ላይ ይዘውን ሄዱ። መዝጋቢው መምህር ሀያትን ጽፈው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንቺስ ስም?»

«ሜሮን» አልኩ።

እትዬ ዘምዘም ዞር ብለው አዩኝ። «ምን ነካሽ ልጄ? ሹኔ አይደለሽም እንዴ?»

«እሱ የቤት ስሜ ነው። የትምህርት ቤቱ ሜሮን ነው» አልኳቸው፤ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም።

እትዬ ዘምዘም ትከሻቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሰፈር ሁሉም ክርስቲያን ሁለት ስም እንዳለው ያውቃሉ፤ የትኛው የት እንደሚጠራ መመርመር የእሳቸው ጉዳይ አይደለም። መምህሩም ጻፉ። ሀያት ግን ከወጣን በኋላ እጄን ጎትታ «ዋሽተሻል» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ግን ያምርብሻል» አለች።

ወላጆቼ ያወቁት የመንፈቅ ዓመት ካርድ ሲመጣ ነው። አባቴ ካርዱን አገላብጦ አየና «ሜሮን ማን ናት?» አለ። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። አባቴ ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲስተካከል ጠየቀ፤ ማመልከቻ ጻፍ፣ ምስክር አምጣ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል አሉት። ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ አለቀ። አሁን ሳስበው ብዙም የተቆጨ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ቢሮ ውስጥ ተስፋዬ ነው፤ ማንኪራ ሲሄድ ደግሞ በሌላ ስም ይጠሩታል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ «አባባ እንዳይሰሙ።»

አባባ የምንላቸው አያቴን ነው። ጫካ ቡና አላቸው፤ ረጃጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሏቸው ቀፎዎችም አሏቸው። ገበያ ሲመጡ ከማንኪራ በእግራቸው ነው፤ ቀፎ ሲያጨሱ የሚለብሱት ጋቢያቸው ጭስና ሰም ይሸታል። ገና አጥሩ ጋ ሳይደርሱ «ሹኔ!» ብለው ይጣራሉ፤ «ኔ»ዋን ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ይስቧታል። እኔ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የሆንኩ እንደሆነ ድምፃቸውን ሳልሰማ የቀረሁ መስዬ ሮጬ ቤት እገባ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሆኜ ተንጠልጥዬባቸው እስማቸዋለሁ። ይህን ማድረጌን ያወቁብኝ አይመስለኝም ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ ፋሲካ ላይ ማንኪራ ሄዶ «ሹኔ ዘንድሮ ትሸለማለች» ብሎ ጉራውን ነዝቶ ነበር፤ አባባ ይህን ነገር በልባቸው ይዘው ሰኔን ይጠብቃሉ ብሎ አላሰበም። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ዕለት አባቴ ለሥራ ደካ ሄዷል። ወንድሜ አተኩሶት እናቴም ቤት ቀርታለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ጭቃ ነው። እኛ በክፍል በክፍል ተሰልፈን ቆመናል፤ ወላጆች ከወዲያ ማዶ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ያን ጊዜ አባባን አየኋቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በኮባ የተጠቀለለ ማር በብብታቸው ይዘው፣ ወላጆች መካከል ተቀምጠው በዐይናቸው እኔን ይፈልጋሉ።

ሞንታርቦው ተንቋቋ፤ ርዕሰ መምህሩ ስም መጥራት ጀመሩ። «አራተኛ ቢ፣ አንደኛ፣ ሜሮን ተስፋዬ!» ጭብጨባው ሲነሣ ከሰልፉ ወጣሁ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ለሽልማት የተዘጋጁትን ደብተሮች ልቀበል እጄን ስዘረጋ ከወላጆች መካከል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ቆይ! ቆይ! እሱ አይደለም የተጠራ!»

አባባ ናቸው። አማርኛ የተማሩት አድገው፣ ገበያ ላይ ነው፤ ሲናገሩ ወንዱና ሴቷ ይቀያየርባቸዋል። ተነሥተው ቆመዋል።

«እሱ የእኔ ልጅ ነው። ስሙ ሹኔ ነው። የሰው ስም ነው የሄደበት። ለባለቤቱ ስጡ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በካፊኖኖ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ያንቺ አልተጠራም። ነይ ውረጂ፣ አያሳፍርም» አሉኝ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከመምህራኑም የሳቁ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ዝቅ አድርገው «ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ።

አባባ ቆመው ያዩኛል፤ የእውነቱን መልስ እንደምናገር አልተጠራጠሩም። ሹኔ ብል ሰልፉ ሁሉ በሹሮ ዘፈን የሚነሣ መሰለኝ።

«ሜሮን» አልኩ።

አባባ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ደብተሮቹን ተቀብዬ ስመለስ ሰው ያጨበጭብ ነበር፤ እሳቸው ግን ማሩን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

ቤት ስንገባ ማሩን ለእናቴ ሰጡ፣ ወንድሜን ግንባሩን ዳሰሱት፣ የቀረበላቸውን ትንሽ ቀማመሱ። እናቴ ነገሩን ከፊቴ አንብባዋለች። «ዝናቡ እስኪያባራ ይደሩ» ብትል፣ ብትለምን አልሆነም። ሲወጡ ራሴን ዳበሱኝ፤ ስም ግን አልጠሩም። በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። ከዚያም በሚቀጥለው። አባቴ ከደካ ሲመለስ ሰማ። ይገርፈኛል ብዬ ስጠብቅ በረንዳው ላይ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ እኔ ምን ነካኝ?» አለ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይዞኝ ማንኪራ ሄደ። አባባን ደጃፋቸው ላይ ቀፎ ሲሠሩ አገኘናቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ሜሮን፣ መጣሽ?» አሉ።

ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ እንደዚያ አያመኝም ነበር። ቁጣ አልነበረበትም፤ ስሙን እንዳይሳሳቱ ተጠንቅቀው፣ ቀስ ብለው ነው የጠሩኝ። ስንት ቀን ሲለማመዱት እንደከረሙ እግዜር ይወቅ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና በካፊኖኖ «ለመሆኑ ሜሮን ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም አባባ።»

«ቄሱን ጠየቅኋቸው። የተቀደሰ ቅባት ነው አሉኝ። መጥፎ ስም አይደለም።» ሥራቸውን ቀጠሉ። «የሹኔንስ ታውቂያለሽ?»

ካፊኖኖ የአፌ መፍቻ ነው፤ ስሜ ከፍቅር ጋር የሚሄድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ለምን እንደተሰጠኝ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ሦስተኛ ሴት ነሽ» አሉኝ። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እህቶችሽ በሕፃንነታቸው ሞቱ። አንቺ ስትወለጂ ደጅ የቆመው ሰው ወንድ ይጠብቃል። ሴት ናት ሲባል ሁሉም ዝም አለ። ይሄ አባትሽ እንኳ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ገብቼ አቀፍኩሽ። ሌላው ባይፈልግ እኔ ወድጃታለሁ አልኩ። ስምሽ ይኼ ነው።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «አሰርዘዋለሁ አባባ። መስከረም ላይ ሄጄ አሰርዘዋለሁ።»

«ተዪው። ስም ጨመርሽ እንጂ ምን አጠፋሽ። እኔ ያዘንኩት በስምሽ አይደለም።» ይሠሩት የነበረውን ቀፎ ወደ ጎን አደረጉት። «ልጄ ከሁሉም በልጣ አገር ሲያጨበጭብላት፣ ተነሥቶ ሌባ ያደረጋት አያቷ ነው። ለምን አልነገራችሁኝም? ብትነግሩኝ እኔም አጨበጭብ ነበር።»

ያን ቀን ደረታቸው ላይ ተለጥፌ ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አላውቅም። ጋቢያቸው እንደ ወትሮው ጭስና ሰም ይሸት ነበር።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ስገባ ለጓደኞቼ ሁሉ የቤት ስሜ ሹኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አንድ ሳምንት ያህል ሹሮ ሹሮ ብለው ሰለቻቸው። በዓመቱ መዝጊያ ሁለተኛ ወጣሁ። አባባ ከሁሉም ቀድመው መጥተው የፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ዓመት ከተሸላሚዎቹ መካከል ሦስት ሜሮኖች ነበሩ፤ አንዷንም እንዳያሳልፉ ፈርተው ለሦስቱም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ከመምህራን ሳይቀር የሳቀ ነበር፤ በዚያኛው ሳቅ ግን እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁን አባባ የሉም። እኔ እዚያው ቦንጋ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት ክፍል እሠራለሁ፤ በቀን ብዙ ስም እጽፋለሁ። ነገሩ ሁሉ ተገለባብጧል። ዲግሪ ያላቸው የከተማ ወላጆች መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው ጥንታዊ የካፊኖኖ ስም ፈልገው ይመጣሉ። ከጌሻና ከሺሺንዳ ገጠር ልጅ አዝለው የሚመጡት እናቶች ደግሞ ሶልያና፣ ናታን፣ ኤልዳና ይሉኛል። የእትዬ ዘምዘም የልጅ ልጆች ረያንና ኢክራም ናቸው። ስም ሰምቶ የሰውን ቤት ማወቅ ቀርቷል። ማንም ልጅ በስሙ ተሸማቆ ወደ ቤት የማይሮጥ ከሆነ እሰየው ነው። ያም ሆኖ አንድ ስም ሲጠራ ሰፈሩ፣ ደጃፉና የእናቶቹ ድምፅ አብሮ የሚመጣበት ያ ጊዜ አንዳንዴ በጣም ይናፍቀኛል።

በቀደም አንዲት ወጣት እናት ከጌሻ መጣች። ልጇን አቅፋ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «ኤልዳና በይልኝ» አለችኝ። ቆንጆ ስም ነው አልኳት፤ ነውም። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ካርዱ ላይ ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ክፍሉ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ምን አገባት እያሉ የሚስቁብኝን፣ እኔም የማልተወውን ጥያቄ።

«አያቶቿ ሰምተዋል?»